በ1969 አዲስ አበባ ላይ የሚጻፍ ልብ አንጠልጣይ፦ ተኩሱ በዝቶ ፍርሃቱ ሲጠፋ

ጥያቄ፦ «በ1969 ዓ.ም. ፒያሳና አራት ኪሎ ውስጥ የሚሆን የፖለቲካ ልብ አንጠልጣይ እየጻፍኩ ነው። አራት ወጣቶች አንድ የከፍተኛ (የብዙ ቀበሌዎች የበላይ አካል) ሊቀመንበር ለመግደል ያቅዳሉ። 140 ገጽ ደርሻለሁ። ረቂቁን ያነበቡት ሦስት ጓደኞቼ ‹ተኩሱ ብዙ ነው፣ ግን አያስፈራም› አሉኝ። ስለ መሣሪያውና ስለ አገዳደሉ ዝርዝር ልጨምር ወይስ የጎደለኝ ሌላ ነገር ነው?»

ምላሽ፦

አትጨምሪ፣ እህቴ። እንዲያውም ካለው ላይ ቀንሺ። ጓደኞችሽ እውነቱን ነግረውሻል፤ የጎደለው ግን መሣሪያ አይደለም። ሽጉጥ ሰው የሚያስፈራው ደረት ላይ ሲደገን ነው፤ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ሦስት ፊደል ነው። የዚያን የቀይ ሽብር ዘመን አዲስ አበባ ያስፈራት የነበረው የማይታወቅ ጠላት ሳይሆን የሚያውቅሽ ሰው ነው። የአባትሽን ስም፣ ስንት ሰዓት እንደምትገቢ፣ ማን ሊጠይቅሽ እንደሚመጣ የሚያውቅ የሰፈር ልጅ ጠመንጃ አንግቶ ደጃፍሽ ላይ ሲቆም የሚሰማሽን ነገር መጻፍ ነው ሥራሽ። ሌላው ሁሉ ለዚህ አገልጋይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማን ምን እንደሚያውቅ አስተካክዪ። አንድ ሰፊ ወረቀት አንሺ። በጎን የገጸ ባሕርያቱን ስም፣ ከላይ የምዕራፎቹን ቁጥር ጻፊ። አራቱ ወጣቶች፣ የአንዷ እናት፣ ቤቷ ያስጠጋቻቸው ሴት፣ አብዮት ጥበቃ (የቀበሌው የታጠቀ ዘብ) የሆነው ልጅ፣ ሊቀመንበሩ፤ ስምንት ሰው ይበቃል፤ ከዘጠኝ ካለፈ አንባቢው ይደናገራል። በያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሦስት ነገር ሙዪ፦ ይህ ሰው በዚህ ምዕራፍ ምን ያውቃል? ምኑን ተሳስቶ ያምናል? እንደሚያውቅ ማን ያውቅበታል? ይህን ሞልተሽ ስትጨርሺ የረቂቅሽ ሕመም ራሱ ይታይሻል። አንድ ምዕራፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተኩስ ሆኖ ከአንዱም ሳጥን ውስጥ ምንም ካልተለወጠ ያ ምዕራፍ የሞተ ነው። አንዲት ሴት ጨው ለመበደር ገብታ የወጣችበት ምዕራፍ ግን ሦስት ሳጥን ከለወጠ ልብ ያንጠለጥላል።

ሁለተኛው የሰንጠረዡ ጥቅም አንባቢሽን ከዋናዋ ገጸ ባሕርይ አንድ እርምጃ እንድታስቀድሚው ማስቻሉ ነው። አንባቢው ሁሉን ነገር ከእሷ ጋር እኩል የሚሰማ ከሆነ ይደነግጣል እንጂ አይሰጋም፤ ድንጋጤ ደግሞ ከአንድ አንቀጽ በላይ አይቆይም። ለምሳሌ ያገለገለ ስቴንስል የበርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ እንደተረሳ አንባቢው በገጽ 62 ይየው። በገጽ 70 የአብዮት ጥበቃው እናት ለሰንበቴ ድግስ በርበሬ ልትበደር ትምጣ። ልጅቱ ነገሩን የምታስታውሰው በገጽ 81 ይሁን። በመሀሉ ያሉት ገጾች ስለ ሌላ ነገር ቢሆኑም አንባቢው እያሰበ ያለው ስለ ቆርቆሮው ነው። ስቴንስሉ በነገራችን ላይ ከሽጉጥ የተሻለ ዕቃ ነው። የጽሕፈት መኪናው ጥብጣብ ወጥቶ ወይም ተነሥቶ ፊደሉ በቀጥታ ሰም የተቀባውን ወረቀት ይበሳዋል፤ ቀለሙ በዚያ ቀዳዳ ሾልኮ ነው ወረቀቱ የሚባዛው። ተባዝቶ ካለቀ በኋላም ስቴንስሉን ወደ መብራት ከፍ ያደረገ ሰው ሙሉውን ጽሑፍ ያነበዋል። ስለዚህ መቃጠል አለበት፤ ሲቃጠል ደግሞ ይሸታል። ያባዛው ሰው ጥፍር ሥር ቀለም ይቀራል። መኪናው በጭቃ ግድግዳ ወዲያ ማዶ ይሰማል። አንድ ዕቃ፣ አራት ማጋለጫ። ለአንድ ጥይት ይህን ያህል ማውጣት አትችይም።

ቀበሌውን በደንብ ማወቅ አለብሽ፤ እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች ዘለው ያልፋሉ። ቀበሌ ሲመሠረት የግድያ መሣሪያ ሆኖ አልነበረም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ያቋቋመው የነዋሪ ማኅበር ነው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ኪራይ የሚከፈለው ለቀበሌ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያሉት ለመንግሥቱ የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት። በፒያሳና በአራት ኪሎ ጓሮዎች ያለው አብዛኛው ደሃ ተከራይ ታዲያ በየወሩ ቀበሌው ጠረጴዛ ፊት ይቆም ነበር ማለት ነው። ማን የት ክፍል ውስጥ እንደሚኖር፣ ስንት ሆኖ እንደሚኖር የተጻፈበት የኪራይ መዝገብ ነው ኋላ የሰው መፈለጊያ የሆነው። የረቂቅሽ ሊቀመንበር በር እየበረገደ ከሚጮህ ይልቅ መዝገቡን ገልጦ «ባለፈው ወር ሦስት ነበራችሁ፣ በዚህ ወር ማን ጨመረ?» ቢል ደም ይቀዘቅዛል። የዚያ ሥርዓት ቋንቋ የቢሮ ቋንቋ ነበር። «ገደልነው» አይባልም፤ «እርምጃ ተወሰደበት» ነው። ያለ ፍርድ መግደልን የሚፈቅደው «ነፃ እርምጃ» የሚለው ቃል ራሱ እንደ አንድ የሥራ ፈቃድ ነው የሚሰማው። ይህን ቋንቋ ሳታሳምሪም ሳትራገሚም እንዳለ አስቀምጪው።

የመጥሪያ ስሞችን ተጠቀሚባቸው። አማርኛ ይህን መሣሪያ በነፃ ሰጥቶሻል፣ ሌላ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ይቀናብሻል። እንዲህ ያለ ነገር በየረቂቁ ይታያል፦

«የአብዮት ጥበቃው በሩን በርግዶ ገባ። ዓይኑ ደም ለብሷል። ‹እናንተ ፀረ አብዮተኞች! ዛሬ አለቀላችሁ!› ብሎ ጮኸ።»

ያንኑ ትዕይንት እንዲህ ብታደርጊውስ፦

«በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። ልጁ ‹እት...› ብሎ ጀመረና ተወው። ‹ጓድ አስካለ፣› አለ፤ ‹እንግዳ አለሽ?›

‹የምን እንግዳ? ግባ እንጂ ልጄ፣ እንጀራ እያወጣሁ ነው።›

አልገባም። ከበሩ ሥር ያሉትን ጫማዎች አየ። አስካለና ልጇ ሁለት ናቸው። ጫማው ሦስት ጥንድ ነው።»

ማንም አልጮኸም። «እትዬ» ወደ «ጓድ»፣ «አለዎት» ወደ «አለሽ» ሲወርድ ግን የሃያ ዓመት ጉርብትና በአንድ አፍ ተቀደደ። እሷ በበኩሏ አሁንም «ልጄ» ትለዋለች፤ የድሮውን ቃል ይዛ ልትመልሰው እየሞከረች ነው። ልጁም ፈርቷል፤ ያቋረጠው «እት...» ይመሰክርበታል። ይህን የልጁን ፍርሃት አትዝለይው። ሁሉን የሚያይ፣ የማይሳሳት፣ የማይፈራ ጠላት ከጻፍሽ ሴራሽ ያልቃል፤ እንዲህ ያለ ጠላት ፊት የሚጠበቅ ነገር የለማ። እውነተኛው ሥርዓት ይሳሳት ነበር። የግል ቂም በአብዮት ስም ይወጣ ነበር፤ የተሳሳተ ቤት ይፈተሽ ነበር። ለሴራ የሚመቸው ይህ መዝረክረክ ነው።

አሁን ወደ ቀን አቆጣጠር። «በ1969 አንድ ቀን» ብለሽ አትጀምሪ። በዚያ ዓመት በየሳምንቱ ከተማዋ ሌላ ከተማ ነበረች። ለአራት ወጣቶች ታሪክ ጥሩ መስኮት ከጥር 26 እስከ ሚያዝያ 21 ያለው 85 ቀን ነው። ጥር 26፣ ሐሙስ፣ የደርጉ ሊቀመንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲና አብረዋቸው የነበሩ የደርግ አባላት ቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሥልጣኑ ቁንጮ ላይ ወጣ። በመጋቢት አጋማሽ ከተማዋ ቤት ለቤት ታሰሰች። ሚያዝያ ላይ አብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸው ጠርሙሶች ሕዝብ ፊት ተፈጠፈጡ። ሚያዝያ 21፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ ያ የወጣቶች ጭፍጨፋ ሆነ። መጨረሻሽን አንባቢው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ያ አያሳስብሽ። ቀኑን የሚያውቅ አንባቢ ምዕራፍሽ «ሚያዝያ 18» ብሎ ሲጀምር ትንፋሹን ይይዛል፣ አንድ ቃል ማስጠንቀቂያ ሳትጽፊ።

ከዚህ በላይ የሚጠቅምሽ ደግሞ ጾሙ ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 2 ዋለ፤ ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 7 ነው። ስለዚህ የመጋቢቱ አሰሳ ከነሙሉው በሁዳዴ ላይ ወድቋል። ምን ማለት ነው? በጾም ከአንድ ምእመን ቤት የቅቤ ሽታ ከወጣ እንግዳ አለ፣ ወይም የታመመ ሰው አለ። የቆሰለ ልጅ የደበቀች እናት ወተት ለማን ትገዛለች? ለጎረቤት ምን ትላለች? ይህን አንድ ጥያቄ ይዘሽ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ትጽፊያለሽ። በሌላ በኩል ሚያዝያ 21 ዓርብ ቢሆንም ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ስለሆኑ አይጾምም፤ ያን ዕለት ምሳ ላይ ሽሮ ብቻ አቅርበሽ «ዓርብ ስለሆነ» ካልሽ እናቶች ያርሙሻል።

ቦታውን በተመለከተ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ፤ ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበረው የፒያሳ አሮጌ ሰፈር በ2016 ፈርሷል። ስለዚህ ዛሬ ሄደሽ የምታዪውን መንገድ አትጻፊ። የድሮ ፎቶና የከተማ ካርታ ፈልጊ፤ እዚያ ያደጉ አዛውንቶችን ደግሞ «ከእናንተ ቤት ቆማችሁ ማንን ታዩ ነበር? እናንተንስ ማን ያያችሁ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ለልብ አንጠልጣይ የሚያስፈልግሽ የቤቱ ውበት ሳይሆን መተያየቱ ነው። ያልተለወጠው መሬቱ ነው። ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቆሞ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል የሚያይ ሰው እስከ ለገሃር ድረስ ያለውን ያያል፤ ከታች የሚወጣው ግን እያለከለከ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል የሚመጣ ሰው ድልድዩ ላይ ሲደርስ የሚሸሽበት ጎን የለውም። ቀጠሮን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ትርጉም ይሰጣል። የቀጠሮውን ርቀት በእግርሽ ለኪው፤ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ገጸ ባሕርይሽ በአምስት ደቂቃ ካደረሰችው መሮጧ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የምትሮጥ ወጣት ልጅ ራሷን አጋለጠች።

የዘመን ስሕተትን ቶሎ ልጥቀስ። ታክሲው ሴቼንቶ (ፊያት 600) እንጂ ላዳ አይደለም። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭት የተጀመረው በ1975 ስለሆነ ያንቺ ልጆች ሌሊት ሬዲዮ ላይ የሚጣዱ ከሆነ የጀርመን ድምፅን ያዳምጡ። ቴሌቪዥን ቀለም የለውም። አደባባዩ አብዮት አደባባይ ነው፣ ሽማግሌው ግን መስቀል አደባባይ ይለዋል፤ በዚህች አንዲት ቃል ሰውየው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ትናገሪያለሽ። የንጉሡ ምስል ያለበት ብር በአዲሱ መተካት የጀመረው ጥቅምት 1969 ነው። በዚያ ላይ ስልክ በየቤቱ የለም፤ መልእክት በሰው ነው የሚሄደው፤ ሰው ደግሞ ይያዛል። ጋዜጦቹን ራስሽ አንብቢ። ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሄደሽ የ1969ን አዲስ ዘመን ከጥር እስከ ሚያዝያ ገጽ በገጽ ግለጪ፤ ከዋናው ዜና ይልቅ ማስታወቂያውን፣ የጠፋ መታወቂያውን፣ የሲኒማውን ሰዓት። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አለ። መስቀል አደባባይ ዳር ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምን ግን ለመረጃ ብለሽ ብቻ አትሂጂ። እዚያ ከጅምላ መቃብር የወጡ ልብሶችና ፎቶዎች አሉ። ሹራቡን የሠራ እጅ እንደነበረ አስቢና ከዚያ ተመልሰሽ ጻፊ።

መሣሪያው ላይ እንመለስ፣ ጠይቀሻልና። ስለ ሽጉጡ አንባቢ ማወቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ የት አለ? ማን ያውቃል? ማን ነክቶታል? ዓይነቱ፣ አሠራሩ፣ የጥይቱ ቁጥር ታሪኩን አንድ እርምጃ አያራምደውም፤ እንዲያውም ያቆመዋል። ክብደቱን ግን ተጠቀሚበት። ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ብረት ኪስ ውስጥ ሲገባ የኮቱ አንድ ጎን ይወርዳል፤ ልብስ ሰፊ የሆነ ጎረቤት ይህን ከማንም ቀድሞ ያያል። ግድያውም ቢበዛ ሁለት ገጽ ይሁን። ከሱ በፊት ያለው ጥበቃ ሃያ ገጽ ቢወስድ አይከብድም፤ ከሱ በኋላ ያለው ግን ከሁለቱም መብለጥ አለበት። ረቂቆች አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ጥይቱ ተተኩሶ ምዕራፉ ይዘጋል። በዚያች ከተማ አንድ የቀበሌ ሰው ከተገደለ ማታውኑ የሚታፈሱት ገዳዮቹ አልነበሩም፤ ሰፈሩ ውስጥ የተገኘው ወጣት ነበር። ልጆችሽ ይህን እያወቁ ነው የሚተኩሱት? ካላወቁ መቼ ያውቃሉ? ካወቁስ አራቱም እኩል ይስማማሉ? እኔ ብሆን ልብ ወለዱን የማቆመው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ይህ ደግሞ ወገን ወደ መያዝ ይወስደናል። የደርግን ጭካኔ ለማሳነስ አይደለም፤ ግድያው በመንግሥት እጅ፣ በጅምላ፣ ሬሳ መንገድ ላይ አስጥቶ ወረቀት ለጥፎ የተፈጸመ ነው፤ ፍርድ ቤትም ከታኅሣሥ 1987 ጀምሮ ዓመታት የፈጀ ችሎት አስችሎ መንግሥቱን በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ያለው በታኅሣሥ 1999 ነው። ነገር ግን ጥይት በሌላ በኩልም ተተኩሷል። በመስከረም 1969 ብቻ መንግሥቱ ላይ የግድያ ሙከራ ተደርጓል፣ ያን ጊዜ ከደርግ ጋር ይሠራ የነበረው የመኢሶን ፓርቲ አባል ፍቅሬ መርዕድም ተገድሏል። የሁለቱ ተቀናቃኝ የግራ ፓርቲዎች፣ የኢሕአፓና የመኢሶን፣ ሰዎች በአንድ የተማሪ ንቅናቄ ያደጉ፣ ያንኑ መጽሐፍ ያነበቡ፣ አንዳንዴም ከአንድ ማዕድ የበሉ ልጆች ነበሩ። ሊገደል የታቀደው ሊቀመንበርሽ የአንዷ ልጅ የቀድሞ የጥናት ክበብ መሪ ቢሆንስ? ማንበብ ያስተማራት እሱ ቢሆንስ? ጀግኖችሽ ንጹሕ ከሆኑ ማንም አይሰጋላቸውም፤ ሊጠፋ የሚችል ነገር ያለው ሰው ነው የሚያሰጋው። ንግግራቸውንም ከኢሕአፓ ልሳን ከዴሞክራሲያ የተቀዳ አታስመስዪው። የሃያ ዓመት ልጅ ሌሊት ቀጠሮ ስትጠብቅ ስለ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አታወራም፤ ጫማዋ ውኃ ማስገባቱን ነው የምታስበው። መፈክሩ ስብሰባ ላይ ይምጣ፣ አንድ ጊዜ፣ ከልብ።

ለታወቁት ሰዎች ስም እንደ ድባብ ይግባ፤ ንግግር አትፍጠሪላቸው። የቀበሌውን ቁጥር፣ የሟቾቹን ስም፣ የገዳዩን ስም ከራስሽ አውጪ። የሞቱት ልጆች እናቶችና እኅቶች ዛሬም በዚያች ከተማ አሉ፤ የልጃቸውን አሟሟት ሳይጠየቁ በልብ ወለድ ውስጥ ሊያገኙት አይገባም።

የምርመራ እስር ቤቱን ማዕከላዊን በጽሑፍሽ ስታስገቢ ከአንድ ገጽ አትለፊ። «ወፌ ላላ» የሚለውን የግርፋት ስም የሚያውቀው አንባቢ ዝርዝር አይፈልግም፣ የማያውቀው ደግሞ ቃሉ ከእስረኛ አፍ ሲወጣ ከአነጋገሩ ይገባዋል። በሩ ላይ ቁረጪው፤ ልጁ ሲመለስ አሳዪ። ጫማው ለምን እግሩ ውስጥ እንደማይገባ ማንም አያስረዳ፤ ክፍል ውስጥ ያለ ሌላ እስረኛ ዝም ብሎ ጫማውን ይያዝለት። የከዳውን ሰውም በዚያው ዓይን እዪው። በልብ ወለድሽ ውስጥ ሕዋሱ፣ የልጆቹ የምስጢር ቡድን፣ አንድ ሕግ ይኑረው፤ ለምሳሌ የተያዘ ሰው አንድ ሌሊት ከቻለ ሌሎቹ ቤት ይቀይራሉ። ሕጉን በገጽ 30 አካባቢ፣ ገና ማንም ሳይያዝ፣ በተራ ወሬ መካከል ተናገሪው። ኋላ ሲያዝ ሰዓቱ ራሱ ይቆጥርልሻል፤ እሱ እስከ ንጋቱ አስር ሰዓት ችሎ አስራ አንድ ላይ ቢናገር፣ እሷም በሰዓት እላፊው ምክንያት ከቤት መውጣት ባትችል፣ ከሃዲ የለም፤ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የጎደለው።

በተግባር እንዲህ አድርጊ። ከ140ው ገጽ ተኩስ ያለባቸውን በቀይ አስምሪባቸው። ከሦስት በላይ ከሆኑ ሦስቱን አስቀሪና ሌሎቹን ወደ ወሬ ቀይሪያቸው፤ ገጸ ባሕርያቱ ከሩቅ ይስሙት፣ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ሌሊቱን ይደሩ፣ ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ይዩት። ሰንጠረዡን ሙዪ። ሳጥን የማይለውጡትን ምዕራፎች አውጪ፤ ምናልባት 40 ገጽ ያህል ይሄድብሻል፣ አትዘኚ። ከዚያ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደ አዲስ ጻፊው፦ ተኩስም ፈንጂም የሌለበት፣ የካቲት መጀመሪያ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ የኪራይ ቀን፣ ሰልፍ። ልጅቱ ብሩን በእጇ ይዛ ትቁም። ከፊቷ ያለችው አሮጊት ስሟን ስትጠራ ጸሐፊው መዝገቡ ላይ ጣቱን ወደ ታች ያንሸራትት፣ ከዚያም ቀና ብሎ አሮጊቷን ሳይሆን ከኋላዋ ያለችውን ይይ።